መልኩን ሳይሆን ቁጥሩን ጠይቂ

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። አምስቱን የሪአክሽን ዓይነቶች እንደ ውሃ ጠጥቻቸዋለሁ። መዋሃድ፣ መበታተን፣ መተካት፣ መለዋወጥ፣ መቃጠል። እኩልታ ሲሰጠኝ ስሙን ወዲያው እናገራለሁ። ‹ሬዶክስ ነው ወይስ አይደለም?› ሲባል ግን ድርግም ይልብኛል። ባለፈው ፈተና ካልሲየም ካርቦኔት በሙቀት ሲበታተን ሬዶክስ ነው ብዬ ተሳሳትኩ። ፖታሲየም ክሎሬት ሲበታተን ደግሞ ሬዶክስ አይደለም ብዬ ተሳሳትኩ። ሁለቱም መበታተን አይደሉም እንዴ? ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ኦክስጅንን −2 ብዬ ስሠራ ሃይድሮጅን +2 ወጣብኝ። አሁን ቁጥሮቹን ራሱ ማመን አቃተኝ። እውነት አቶሙ ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው ወይስ ለፈተና ተብለው የተፈጠሩ? እባክዎ ይምከሩኝ። ግራ የገባት።»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሃይድሮጅን +2 ሲወጣብሽ ዝም ብለሽ አላለፍሽም። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገብቶሽ ቆምሽ። ይህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ችግርሽ የአቅም አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ጥያቄ አድርገሽ ይዘሻቸዋል። እሱን እንፍታው።

«መዋሃድ»፣ «መበታተን»፣ «መለዋወጥ» የሚሉት ስሞች የሚነግሩሽ አቶሞቹ ከማን ጋር እንደነበሩና ወደ ማን እንደሄዱ ነው። ሁለት ገብተው አንድ ወጣ፣ ወይ አንድ ገብቶ ሁለት ወጣ። ሬዶክስ የሚለው ስም ግን ስለ ኤሌክትሮን ነው። ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ? ሰው ቤት ቀየረ ማለት ገንዘቡን ለሌላ አስረከበ ማለት አይደለም። አቶምም እንደዚያው ነው። ጎረቤቱን ቀይሮ ኤሌክትሮኑን ሳይነካ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የእኩልታውን መልክ ብቻ አይተሽ ሬዶክስ መሆኑን ማወቅ አትችይም። የሚነግርሽ ከቀስቱ ወዲህና ወዲያ ያለው የኦክሲዴሽን ቁጥር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ አቶም የምንይዝለት የኤሌክትሮን ሒሳብ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ብዙ ተማሪ የሚደናገርበትን አንድ ነገር ላስተካክል። «ተቀበለ» ሲባል ቁጥሩ የሚጨምር ይመስላል። ግን ኤሌክትሮን ነጋቲቭ ነው። እንደ ዕዳ ቁጠሪው። ዕዳውን ለሌላ ያስተላለፈ ሰው ሒሳቡ ከፍ ይላል፤ ዕዳ የተቀበለ ይወርዳል። ኤሌክትሮን የሰጠ አቶም ቁጥሩ ይወጣል፣ ይህ ኦክሲዴሽን ነው። ኤሌክትሮን የተቀበለ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይህ ሪዳክሽን ነው። ሰጪ ካለ የግድ ተቀባይ አለ። ሁለቱ አይለያዩም፤ ሬዶክስ የሚለው ስምም ሁለቱን ቃላት ያጣመረ ነው።

አሁን እስክሪብቶ ያዢ። ሁለቱን የፈተና ጥያቄዎችሽን አብረን እንሥራቸው።

ካልሲየም ካርቦኔት አንድ ካልሲየም፣ አንድ ካርቦን፣ ሦስት ኦክስጅን ነው። ካልሲየም ውህድ ውስጥ +2 ነው። ኦክስጅን እዚህ −2 ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ −6። ውህዱ ቻርጅ ስለሌለው ድምሩ ዜሮ መምጣት አለበት። +2 እና −6 ሲደመሩ −4 ነው፤ ስለዚህ ካርቦን +4 ነው። ከቀስቱ ማዶ ተሻገሪ። ካልሲየም ኦክሳይድ ውስጥ ካልሲየም +2፣ ኦክስጅን −2። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱ ኦክስጅኖች በድምሩ −4፣ ካርቦን +4። አየሽ? ካልሲየም በ+2 ገብቶ በ+2 ወጣ። ካርቦን በ+4 ገብቶ በ+4 ወጣ። ኦክስጅንም አልተነቃነቀም። ድንጋዩ ኖራ ሆኗል፣ ጋዝም ወጥቷል፤ አንድም ኤሌክትሮን ግን ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈም። ሬዶክስ አይደለም።

ፖታሲየም ክሎሬት ላይ ደግሞ ፖታሲየም +1 ነው። ሦስቱ ኦክስጅኖች −6። ድምሩን ዜሮ ለማድረግ ክሎሪን +5 መሆን አለበት። ሲሞቅ ፖታሲየም ክሎራይድና የኦክስጅን ጋዝ ይሰጣል። ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ፖታሲየም አሁንም +1 ነው፤ ክሎሪን ግን −1 ሆኗል። ከ+5 ወደ −1! ስድስት ኤሌክትሮን ተቀብሏል። ማን ሰጠው? ኦክስጅን። ውህዱ ውስጥ −2 ነበር፤ ጋዝ ሆኖ ሲወጣ 0 ነው። እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ሁለት ሰጥቷል። እኩልታው የሚመጣጠነው በሁለት ፖታሲየም ክሎሬት ነው። ስለዚህ ሁለት ክሎሪኖች 12 ኤሌክትሮን ተቀበሉ፤ ስድስት ኦክስጅኖች 12 ሰጡ። ሒሳቡ ልክ መጣ። ይህን ድምር ሁልጊዜ ሥሪው። የተሰጡትና የተቀበሉት እኩል ካልመጡ አንዱን ቁጥር ተሳስተሻል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም መበታተን ናቸው፤ ልክ ነሽ። አንደኛው ግን ዝም ብሎ መለያየት ነው። ሁለተኛው ሲለያይ ውስጡ ትልቅ ርክክብ ተካሂዷል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው ወይ?

ቁጥሩ ሶዲየም ክሎራይድን በመሰለ የአዮን (ቻርጅ የያዘ አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ) ውህድ ላይ ከእውነተኛው ቻርጅ ጋር ይገጥማል። በአብዛኞቹ ሌሎች ውህዶች ላይ ግን አቶሙ የተሸከመው ቻርጅ አይደለም። ሚቴን ውስጥ ያለው ካርቦን የኦክሲዴሽን ቁጥሩ −4 ነው፤ አራት ሙሉ ኤሌክትሮን ታቅፎ ተቀምጧል ማለት ግን አይደለም። ቁጥሩ በስምምነት የተያዘ ሒሳብ ነው። ስምምነቱ ደግሞ ምክንያት አለው። ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮን ሲጋሩ አንደኛው የበለጠ ይስባል። እኛ «የበለጠ የሚስበው ሁለቱንም ይውሰድ» ብለን እንቆጥራለን። ይህን የመሳብ አቅም በሚለካው የፖሊንግ ሚዛን ፍሎሪን 3.98 ነው፤ ከሁሉ ይበልጣል። ኦክስጅን 3.44፣ ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20። ካርቦን ከሃይድሮጅን ስለሚበልጥ ሚቴን ውስጥ የአራቱንም ሃይድሮጅን ኤሌክትሮን በሒሳብ ለካርቦን እንሰጠዋለን፤ −4 ሆነ። ሚቴን ሲቃጠል ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ይያዛል። ኦክስጅን ከካርቦን ይበልጣል። አሁን ካርቦን አራቱን የራሱን ኤሌክትሮን ጭምር አስረከበ፤ +4 ሆነ። ከ−4 ወደ +4 ስምንት ኤሌክትሮን ነው። አራት ኦክስጅኖች ሁለት ሁለት ሲቀበሉ ስምንት ይመጣል። ሒሳቡ በስምምነት የተያዘ ይሁን እንጂ የሚከተለው ነገር በእውነት ተካሂዷል። ኤሌክትሮኖቹ ከካርቦን ሸሽተው ወደ ኦክስጅን ቀርበዋል፤ የእሳቱ ሙቀትም ከዚሁ ሽግሽግ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ከገባሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይፈታል። አራቱን አቶሞች በመስመር አስቢያቸው፤ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። እያንዳንዱ ኦክስጅን ከጎኑ ካለው ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ይወስዳል። መሀል ላይ ግን ኦክስጅን ከኦክስጅን ጋር ነው የተያያዘው። ሁለቱ እኩል ይስባሉ። ማንም ከማንም አይወስድም፤ ይካፈላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ኦክስጅን ያገኘው አንድ ብቻ ነው፣ ማለትም −1። ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው ያለው። +2 ሊሆን ፈጽሞ አይችልም፤ የሌለውን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ስለዚህ ጥርጣሬሽ ልክ ነበር።

ሕጎቹን ስትይዢያቸው ሁሉም እኩል ሥልጣን ያላቸው አድርገሽ ይመስለኛል። የላቸውም። ተራ አላቸው። ፍሎሪን ውህድ ውስጥ ሁልጊዜ −1 ነው፤ ማንም አይሽረውም። ቀጥሎ ሶዲየምና ፖታሲየምን የመሳሰሉት የአንደኛው ምድብ ብረቶች +1፣ የካልሲየምና የማግኒዥየም ምድብ +2። ከዚያ ሃይድሮጅን +1። ከዚያ ነው ኦክስጅን −2 የሚመጣው። ሁለት ሕጎች ሲጋጩ ቀድሞ የተጠራው ያሸንፋል። ፐርኦክሳይድ ላይ ሃይድሮጅን ስለሚቀድም +1ን ትሰጪዋለሽ፤ ኦክስጅን −1 ይሆናል። ሶዲየም ሃይድራይድ ላይ ሶዲየም ስለሚቀድም +1 እሱ ይወስዳል፤ ሃይድሮጅን −1 ይሆናል። ኦክስጅን ከሁለት ፍሎሪን ጋር ሲሆን ፍሎሪን ይቀድማል፤ ኦክስጅን +2 ሆኖ ይወጣል። መጻሕፍት «ልዩ ሁኔታዎች» ብለው የሚዘረዝሯቸው አብዛኞቹ ተራውን ከጠበቅሽ በራሳቸው ይወጣሉ። እኔ ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ልዩ ሁኔታዎች አንድ በአንድ ነበር የምሸመድደው። ተራውን ያሳየኝ መምህር እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ሁለት ሕጎች ይቀራሉ፤ አጭር ናቸው። ብቻውን ያለ ንጥረ ነገር፣ የኦክስጅን ጋዝም ይሁን የመዳብ ሽቦ፣ 0 ነው። ቻርጅ ያለው አዮን ደግሞ ድምሩ ከቻርጁ ጋር እኩል ነው።

ይህን ይዘሽ አምስቱን ዓይነቶችሽን ብታዪያቸው ምን ታገኚያለሽ? መቃጠል ሬዶክስ ነው፤ ኦክስጅን ከ0 ይወርዳልና። ነጠላ መተካትም ሬዶክስ ነው። የዚንክ ቁራጭ ሰማያዊ የኮፐር (የመዳብ) ሰልፌት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ አይተሽ ከሆነ፣ ቀስ እያለ ዚንኩ ላይ ቀይ ቡናማ ነገር ይለጠፋል፤ ሰማያዊው እየሳሳ ይሄዳል። ዚንክ ከ0 ወደ +2 እየወጣ ነው፤ መዳብ ከ+2 ወደ 0 እየወረደ። መዋሃድና መበታተን እንዳየሽው እንደ ሁኔታው ነው። ማግኒዥየም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሬዶክስ ነው፤ ካልሲየም ኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ግን አይደለም፣ ያን ያህል እየጋለም ቢሆን። አሲድና ቤዝ ሲገናኙም፣ ሲልቨር ናይትሬትና ሶዲየም ክሎራይድ ተለዋውጠው ነጭ ዝቃጭ ሲሠሩም ቁጥር አይቀየርም።

ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥርሽ መጀመሪያ ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ፈልጊ። በአንዱ ወገን ነጻ ሆኖ በሌላው ወገን ውህድ ውስጥ ከገባ ሬዶክስ ነው። በሁለቱም ወገን ነጻ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። ኦክስጅን ወደ ኦዞን ሲቀየር ከ0 ወደ 0 ነው፤ ሬዶክስ አይደለም።

አሁን መልክ እንዴት እንደሚያታልል ሦስት ነገር ላሳይሽ። እነዚህን ሳስተምር ደስ ይለኛል።

አንደኛው ቀለም ነው። ቢጫ የክሮሜት ውሃ ላይ አሲድ ሲጨመር ብርቱካናማ ይሆናል። ዓይን ያየ ሰው «ትልቅ ነገር ተቀይሯል» ይላል። ቁጥሩን እንጠይቅ። ክሮሜት አንድ ክሮሚየም፣ አራት ኦክስጅን፣ ቻርጁ −2። ኦክስጅኖቹ −8፤ ድምሩ −2 እንዲመጣ ክሮሚየም +6። ብርቱካናማው ዳይክሮሜት ነው። ሁለት ክሮሚየም፣ ሰባት ኦክስጅን፣ ቻርጁ −2። ኦክስጅኖቹ −14፤ ሁለቱ ክሮሚየሞች በድምሩ +12፣ እያንዳንዳቸው +6። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ለሁለት ማካፈሉን ይረሳና +12 ብሎ ይጽፋል። ስታካፍይው ግን +6 ገብቶ +6 ወጥቷል። ቀለሙ ተቀየረ እንጂ ርክክብ የለም። ይህን ከመምህርሽ ጋር ካልሆነ ለብቻሽ አትሞክሪው፤ +6 የሆነ ክሮሚየም መርዝ ነው።

ሁለተኛው መለዋወጥ የሚመስል ነው። ኮፐር ሰልፌትና ፖታሲየም አዮዳይድ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሲልቨር ናይትሬቱ አይለይም። ተለዋውጠው ኮፐር አዮዳይድና ፖታሲየም ሰልፌት ይሠራሉ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ መዳብም +2 እንደሆነ ይቀራል። ብልቃጡ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ውሃ ቀለም የሌለውን የፖታሲየም አዮዳይድ ውሃ ሲነካ ወዲያው ቡናማ ድፍርስ ይሆናል። ትንሽ ሲቆይ ከሥር ነጣ ያለ ዝቃጭ ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው ውሃ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ቡናማው ነጻ የወጣ አዮዲን ነው። ነጣ ያለው መዳብ +1 የሆነበት ኮፐር አዮዳይድ ነው። መዳብ ከ+2 ወደ +1 ወረደ፤ አዮዲን ከ−1 ወደ 0 ወጣ። ልብ በይ፣ አራት አዮዳይድ ገብተው ኤሌክትሮን የሰጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ −1 እንደሆኑ ከመዳቡ ጋር ተቀምጠዋል። አንድ ንጥረ ነገር ሁለት ዕጣ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ስትጽፊ በእያንዳንዱ ውህድ ላይ ለየብቻ ጻፊ።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ቁጥሩ ራሱ በችኮላ ከተሠራ ያታልላልና። አሞኒየም ናይትሬት በሙቀት ሲበታተን ናይትረስ ኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል። ፎርሙላውን ሰብስበሽ ብትሠሪው ሁለት ናይትሮጅን፣ አራት ሃይድሮጅን፣ ሦስት ኦክስጅን ነው። ሃይድሮጅኖቹ +4፣ ኦክስጅኖቹ −6። ሁለቱ ናይትሮጅኖች በድምሩ +2፣ እያንዳንዳቸው +1። ናይትረስ ኦክሳይድ ውስጥስ? ሁለት ናይትሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፤ እያንዳንዳቸው +1። «አልተቀየረም፣ ሬዶክስ አይደለም!» ትያለሽ። ስህተቱ አማካዩ ላይ ነው። ሁለቱ ናይትሮጅኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። አዮኖቹን መጀመሪያ ለያይያቸው። አሞኒየም ቻርጁ +1 ነው፤ አራት ሃይድሮጅን ስላለው ናይትሮጅኑ −3 ነው። ናይትሬት ቻርጁ −1 ነው፤ ሦስት ኦክስጅን ስላለው ናይትሮጅኑ +5 ነው። አንዱ ከ−3 ወደ +1 ወጣ፣ አራት ሰጠ። ሌላው ከ+5 ወደ +1 ወረደ፣ አራት ተቀበለ። መሀል መንገድ ላይ ተገናኙ። ይህ ግልጽ ሬዶክስ ነው፤ አሞኒየም ናይትሬት የሚፈነዳውም በአንድ ውህድ ውስጥ ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመስጠትሽ በፊት ውህዱ ከየትኞቹ አዮኖች እንደተሠራ እይ። በተለይ «አሞኒየም» የሚል ስም ካየሽ።

ስሙም ሊረዳሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1919 አልፍሬድ ስቶክ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የኦክሲዴሽኑን ቁጥር በውህዱ ስም ላይ መጻፍን ሐሳብ አቀረበ። አይረን ሦስት ክሎራይድ ስትይ ሦስቱ የክሎሪኖቹ ብዛት ሳይሆን የብረቱ +3 ነው። እዚያ ላይ ተጽፎልሽ ሳለ እንደ አዲስ አትሥሪው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቤት ውስጥ ስለማይጠፋ ልንገርሽ። የበረኪና ዋና ነገር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ውስጡ ያለው ክሎሪን +1 ነው። የክሎሪን ጋዝ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ነው የሚሠራው። 0 የነበረው ክሎሪን ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ −1፣ ግማሹ +1። ራሱ ሰጪ፣ ራሱ ተቀባይ። ስሙ ዲስፕሮፖርሽኔሽን ይባላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲበታተን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ −1 የነበረው ኦክስጅን ከፊሉ −2፣ ከፊሉ 0። አሁን በረኪና ላይ አሲድ ያለበት ማጽጃ ቢደፋ ያ መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። +1 እና −1 ተገናኝተው 0 ይሆናሉ፤ መርዘኛው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱን በፍጹም እንዳታቀላቅይ፤ ቤት ውስጥ ለሚያጸዱትም ንገሪያቸው።

ለልምምድ አንድ ልስጥሽ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ቢጫ ድኝ (ሰልፈር) እና ውሃ ይወጣል። ከሁለቱም ውህዶች ላይ የሰልፈርን ቁጥር አውጪ። ማን ስንት ሰጠ፣ ማን ስንት ተቀበለ፣ ስንት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለስንት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል? ኤሌክትሮኖቹን እኩል ስታደርጊ እኩልታው ራሱ ይመጣጠንልሻል። ሠርተሽ ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።